ካሜራ ከመግዛትሽ በፊት በርሽን አስበይጂ

እህቴ፣ «ገርጂ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ ቀን ቤት የሚውል ሰው የለም፤ ሰሞኑን የጎረቤታችን ቤት ተሰበረ፤ ባለችን ጥቂት ገንዘብ ካሜራ እንግዛ ወይስ የተሻለ ነገር አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ካሜራው ይቆይ። እኔ የብረት በርና መስኮት የምሠራ በያጅ ነኝ። ቤት በተሰበረ ማግስት የሚጠራው የእኔ ቢጤ ባለሙያ ስለሆነ፣ ሌባ የነካውን በር በቅርብ የማየት ዕድል አለኝ።

ካየኋቸው ውስጥ ቁልፉ ራሱ የተሰበረው ከስንት አንዱ ነው። ሰው ውድ ጓጉንቸር ይገዛና ስስ ጆሮ ላይ፣ ማለትም በሩ ላይ በተበየደው ቀዳዳ ያለው ብረት ላይ፣ ያንጠለጥለዋል። ሌባው ጓጉንቸሩን አይነካውም። የፌሮ ቁራጭ በጆሮው ውስጥ ያስገባና በሰውነቱ ክብደት ይጫነዋል። ጆሮው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነካ ነካ ተደርጎ የተበየደ ከሆነ ከላሜራው ተገንጥሎ ይመጣል። ባለቤቶቹ ሲመለሱ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ፣ ጭረት ሳይኖርበት፣ ደጃፉ ላይ ወድቆ ያገኙታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ብር እዚያ ላይ አውዪው። ጆሮው በወፍራም ብረት ይቀየር፤ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ ይበየድ፤ ከላሜራው ጀርባ ደጋፊ ብረት ይደረግለት። ከዚያ ጓጉንቸሩን የሚሸፍን፣ ከታች ብቻ ክፍት የሆነ ትንሽ የብረት ሳጥን አሠሪ። እጅሽ ከነቁልፉ ይገባል፤ ፌሮና መቁረጫ ግን መላወሻ አያገኙም። ይህ ሁሉ ከቁራጭ ብረት የሚሠራ፣ ከግማሽ ቀን የማያልፍ ሥራ ነው።

በያጁ መሣሪያውን ይዞ ከመጣ ማጠፊያውንም ይይልሽ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ የማጠፊያው ዘንግ ውጭ ይቀራል፤ ዘንጉን በመዶሻ መትቶ ላወጣው ሰው ቁልፍ ምንም አያደርገውም። ጫፉ ላይ አንድ ነጥብ ብየዳ ይበቃዋል።

መስኮት ላይ ሰው የሚዘነጋው ስቱኮውን ነው። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ከውጭ በኩል ከሆነና ገና ካልደረቀ፣ ወይም አርጅቶ ከተሰነጣጠቀ፣ በቢላዋ ተፍቆ መስታወቱ ሳይሰበርና ድምፅ ሳይሰማ ይወጣል። መድኃኒቱ ከውስጥ የሚበየድ ፍርግርግ ነው፤ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጥሩ ነው፣ ክፍተቱም የሕፃን ጭንቅላት የማያሳልፍ ይሁን። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ፦ ሁሉንም መስኮት ደፍነሽ እንዳትቀመጪ። ሌሊት እሳት ቢነሳና በሩ በኩል ቢሆን በየት ትወጫላችሁ? የአንዱ መስኮት ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ቁልፉም ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። ደንበኛ ወጪ ለመቀነስ ይህን ተወው ሲለኝ ሥራውን አልቀበልም።

ተከራይ ስለሆንሽ ከአንቺ በፊት የነበሩት ሰዎች ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አታውቂም። የበሩን ሲሊንደር፣ ቁልፍሽ የሚገባበትን የጋኑን እምብርት፣ ቀይሪው። በበሩ ጠርዝ በኩል ያለችውን አንዷን ቡሎን ፈትቶ ማውጣት ነው፤ በያጅም አያስፈልገውም። ፍርግርጉንና ብየዳውን በተመለከተ ግን ከመጀመርሽ በፊት አከራይሽን አነጋግሪ። ሥራው ለቤቱ ስለሚቀር ከኪራይ የሚታሰብልሽ ነገር ካለ ተስማምታችሁ በጽሑፍ ያዙት።

ካሜራን የማጣጥለው ጥቅም የለውም ብዬ አይደለም። ባትሪ ከሌለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሲሠራም ፊቱን በኮፍያ የሸፈነ ሰው ነው የሚያሳይሽ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ለዚያ ገንዘብ ሰው ሲያልፍ የሚበራ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ከበሩ በላይ ብትሰቅዪ ይሻልሻል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊትም ይሠራል።

ቤታችሁ ባዶ የሚሆነው ቀን ስለሆነ ከብረቱ እኩል ሰው ያስፈልግሻል። ግቢው ውስጥ የሚውሉ እናት፣ በር ላይ ያለች ባለ ሱቅ፣ የሰፈሩ ጥበቃ፣ ማን ከቤትሽ ዕቃ ይዞ መውጣት እንደሚችልና ማን እንደማይችል ይወቁ። «ዕቃ እንድወስድ ልከውኝ ነው» ያለን ሁሉ ሳይደውሉልሽ እንዳያሳልፉ ንገሪያቸው። የፋሲካ ሌሊትና ጥምቀት ሰው ሁሉ ከቤት የሚወጣባቸው ጊዜያት ናቸው፤ በተራ የሚቀር ሰው መድቡ። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሌላ ድምፅ አይሰማም፤ ጣሪያ የሚነቀለው ያኔ ነውና የላላ ሚስማር ካለ ከሰኔ በፊት ይመታ።

አጥር ላይ ኤሌክትሪክ ከቆጣሪ በቀጥታ ልቀቁ የሚል ምክር ቢመጣልሽ በጭራሽ አትስሚ። የሚገድለው ኳሱን ፍለጋ አጥር ላይ የሚንጠላጠለውን ልጅ ነው።

ዛሬ ማታ ያለ ምንም ወጪ የምትሠሪው ነገርም አለ። በስልክሽ *#06# ደውለሽ የሚመጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር፣ የቴሌቪዥኑንና የላፕቶፑን መለያ ቁጥር ከጀርባቸው ገልብጠሽ ከደረሰኞቹ ጋር ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋር አስቀምጪ። አያድርገውና በሩ ተከፍቶ ካገኘሽው ብቻሽን አትግቢ፤ ሌባው ገና ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ጥሪ፣ 991 ደውዪ፣ ፖሊስ እስኪመጣም ምንም ነገር አትንኪ።