ልብ ከሥርዓት ሲወጣ ነርቮች ምን ያደርጋሉ? ጥያቄና መልስ

የልብ ሐኪም ነኝ፤ የላካችሁትን ጥያቄ በየተራ እመልሳለሁ። የግል የምርመራ ውጤት ግን እዚህ አላነብም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አጎቴ ልቡ በደቂቃ 180 እየመታ ቁጭ ብሎ ያወራን ነበር። ሆስፒታል ስንወስደው ግን "ከታችኛው የልብ ክፍል የተነሣ አደገኛ ምት ነው" ብለው በኤሌክትሪክ አስተካከሉለት። እንዴት ሳይወድቅ ቆየ?

መልስ፦ በዚያ ፍጥነት ልብ ደም የሚሞላበት ጊዜ ስለሚያጥረው የሚረጨው ደም ይቀንሳል፣ ግፊትም ይወርዳል። አንገት ላይ ባለው ትልቅ የደም ቧንቧና ከልብ በሚወጣው ዋናው ቧንቧ ላይ ግፊትን የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። መውረዱን ለአንጎል ግንድ ሲያሳውቁ፣ ልብን የሚያረጋጋው ቬገስ ነርቭ ይገታል፤ በአደጋ ጊዜ የሚያነቃን ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል ይነሣል። የእጅ፣ የእግርና የሆድ ዕቃ የደም ሥሮች ይጠባሉ። ምቱ ሳይስተካከል ግፊቱ በሰከንዶች ውስጥ በከፊል የሚያንሰራራው ለዚህ ነው። አጎትዎን ያቆየው ይኸው ነው። የልብ ጡንቻው የደከመ፣ ወይም በዚያች ቅጽበት ቆሞ የነበረ ሰው ግን በዚያው ፍጥነት ሊወድቅ ይችላል። "እያወራ ነው፣ ደህና ነው" ሲባል መስማት ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሲምፓቴቲክ የሚያድን ከሆነ ለምን ቤታ ብሎከር በሚባለው የልብ መድኃኒት ታዳክሙታላችሁ?

መልስ፦ ሲምፓቴቲክ የሚያስለቅቀውና ግፊቱን የሚያነሣው አድሬናሊን ምቱንም ስለሚያባብሰው ነው። ጠባሳ ባለበት የልብ ጡንቻ ነርቮቹ ራሳቸው ተበጣጥሰዋል፤ አንዱ ቦታ ብዙ፣ ሌላው ትንሽ ይነቃቃል። በዚህ መሀል ኤሌክትሪኩ እየዞረ ይፈጥናል፣ አንዳንዴም ልብ መርጨቱን ትቶ መንቀጥቀጥ ብቻ ይጀምራል። አደገኛ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ማሽን ደረታቸው ውስጥ የተተከለላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ መዘዝ አለባቸው፦ ማሽኑ ሲመታቸው ሕመሙና ድንጋጤው ተጨማሪ አድሬናሊን ያመጣል፣ ምቱም ይመለሳል። በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም የኤሌክትሪክ ማዕበል እንለዋለን። ያኔ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ቤታ ብሎከርና ማረጋጊያ እንሰጣለን፤ አልበቃ ሲል አንገት ሥር ያለውን የሲምፓቴቲክ የነርቭ ቋጠሮ በማደንዘዣ እንዘጋለን።

ጥያቄ፦ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ልብን ያረጋጋል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ከላይኛው ክፍል ለሚነሣው ፈጣን ምት፣ አዎ። 15 ሰከንድ አምጦ ወዲያው በጀርባ መተኛትና እግርን ከፍ ማድረግ፣ በ2015 በወጣ የእንግሊዝ ጥናት 43 በመቶውን አስተካክሏል፤ አኳኋን ሳይቀይሩ በተለመደው መንገድ ካማጡት የተስተካከለው 17 በመቶው ነበር። ለታችኛው ክፍል ምት ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። ምቱን ለማርገብ አንገት ማሸቱንም ለሐኪም ተዉት፤ በተለይ ለአዛውንት ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ጥያቄ፦ ጫትስ?

መልስ፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የአድሬናሊን ዘመድ የሆነውን ኖርአድሬናሊንን ያስለቅቃል። ይህ ሕመም ላለበት ሰው አልፈቅድም።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ የሰዓት ደወል ሲያስደነግጣት ራሷን ትስታለች፤ ዝም ብሎ ድንጋጤ ነው?

መልስ፦ ይመርመርላት። በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ኪውቲ የሚባለው ርዝመት የሚጨምርበት የዘር ሕመም አለ፤ በአንዱ ዓይነት ድንገተኛ ድምፅ፣ በሌላው ዋና፣ በሦስተኛው እንቅልፍ ምቱን ይቀሰቅሰዋል። ኢሲጂ ሳትነሣ አትቆይ።

ጥያቄ፦ ሰው ፊታችን ቢወድቅስ?

መልስ፦ ካልነቃና በደንብ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ፤ ያኔ ነርቮቹ ብቻቸውን አያድኑትም። አምቡላንስ ይጠራ፤ የደረቱን መሀል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ተጫኑ። መጀመሪያ ላይ ሊንፈራገጥ ስለሚችል "የሚጥል በሽታ ነው" ብላችሁ ክብሪት ፍለጋ አትሩጡ።