ቤት ከመከራየታችሁ በፊት መስመሩን እዩ

አዲስ አበባ ላይ ሥራ ይዛችሁ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ሳይደርስ ቤት ፍለጋ የገባችሁ ልጆች፣ ይቺን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ በሂሳብ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ብዙ ወጣቶች እጄ ላይ ሥራ ጀምረዋል። ሁሉም ቤት ሲፈልጉ አይቻለሁ። የታዘብኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው ቤት ሲከራይ ሂሳቡን በግማሽ ነው የሚሠራው። ኪራዩን ይሰማል፣ "ርካሽ ነው" ይላል፣ ዕቃውን ጭኖ ይገባል። ሂሳቡ ግን ገና አልተጀመረም።

እስቲ አብረን እንደምር። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ በራሳችሁ ዋጋ ቀይሩት። ዳር አካባቢ በ4,000 ብር አንድ ክፍል አገኛችሁ እንበል። ለመሄድ ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት ታክሲ። በቀን 80 ብር ቢወጣ፣ ቅዳሜን ጨምሮ በ26 ቀን 2,080 ብር ይሆናል። ስለዚህ ቤቱ 4,000 ሳይሆን 6,080 ነው። ሥራ ቦታችሁ አጠገብ "5,500 ተባለ" ብላችሁ ጥላችሁት የሄዳችሁት ክፍል አሁን ረከሰ። ምሳን ገና አልነካነውም። ቅርብ ያለው ቤቱ ገብቶ ሽሮውን በልቶ ይመለሳል። ሩቅ ያለው ሌሊት ተነስቶ ምሳ ዕቃ ካልቋጠረ ምግብ ቤት መግባቱ ነው። ሲመሽ ደግሞ ታክሲው መስመር ይቆርጣል። ጠዋት ጎሮ ድረስ የሚጭነው ማታ "ጃክሮስ ብቻ!" ይላል፣ እዚያ ወርዳችሁ እንደገና ትሳፈራላችሁ። ለአንድ መንገድ ሁለቴ መክፈል ማለት ነው።

ጊዜውም ሂሳብ አለው። በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያልቅበት ሰው በወር 78 ሰዓት ይሄድበታል። ወደ አሥር የሥራ ቀን ይጠጋል። ለዚያ የሚከፍላችሁ የለም።

ቢሮዬ ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ኮዬ ፈጬ ፏ ያለ ኮንዶሚኒየም ተከራየ። ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ በረንዳ ያለው። ቢሮው ደግሞ መገናኛ። ሌሊት 11 ሰዓት ከቤት ይወጣል። ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሲሆን ቫውቸር ላይ ዓይኑ ይከደናል። ሲፈርም ስሙ ከመስመር ወጥቶ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ፋይሉን ያየ ሁሉ ይስቃል። የጀመረውን የማታ ትምህርት አቋረጠ። ኋላ ሾላ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አገኘና ገባ። በሩ አልጋውን እየገፋ ነው የሚከፈተው። ሊጠይቁት የሄዱት ጓደኞቹ ተራ በተራ ነው የተቀመጡት። እሱ ግን በእግሩ ሥራ ይገባል፤ ትምህርቱንም ቀጠለ። ያቺን ክፍል ባየኋት ቁጥር እኔም ብሆን እከራያት ነበር እላለሁ።

አሁን "ቅርብማ ከየት ይገኛል?" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ሁልጊዜ አይገኝም። ያን ጊዜ ምክሬ አንድ ነው። በእግር የሚያስኬድ ካጣችሁ መነሻ ላይ ተከራዩ። መሃል መንገድ ላይ አትከራዩ። ሥራችሁ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ ከሆነ አያት ርቆ ይታያችኋል። ሲኤምሲ ይሻላል ብላችሁ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ። ጠዋት ግን አያት የሞላው ታክሲ በፊታችሁ እያለፈ ይሄዳል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ትቆማላችሁ። ባቡሩም ያው ነው፤ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መነሻው ላይ ያስቀምጣል፣ መሃል ላይ በር ላይ ያንጠለጥላል። መነሻ ላይ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ይሄዳል፣ ካሻው ያነባል፣ ካሻው ይተኛል። ዋናው ነገር አንድ ታክሲ መሆኑ ነው። ጀሞ ያለ ሰው ሜክሲኮ ቢሠራ አንድ ታክሲ ነው። ካርታ ላይ ከጀሞ የሚቀርብ፣ ግን ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ሰፈር አለ። ካርታውን ተዉት፣ ታክሲውን ቁጠሩ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ደግሞ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሱ የት የት እንደሚቆም ከቤቱ በፊት እወቁ።

ስለ አፈላለጉ። ደላላ የራሱ ጥቅም አለው፤ ጊዜ ይቆጥባል። ኮሚሽኑን ግን ቤቱን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ጥሩዎቹ ርካሽ ክፍሎች ታዲያ ደላላ ጋ አይደርሱም፣ ቴሌግራም ላይም አይወጡም። የድሮ ግቢ ያላቸው እናቶችና አባቶች ክፍል ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚነግሩት ለባለሱቁ ነው። ለግቢው ዘበኛ ነው። መንገድ ዳር ቡና ለምታፈላዋ ልጅ ነው። እሁድ ጠዋት ሥራ ቦታችሁ ዙሪያ በእግር ውጡ። ቡና ጠጡ፣ ጠይቁ፣ ስልክ ተዉ። "እዚህ ጋ ነው የምሠራው" ማለት ትልቅ ዋስትና ነው። ብዙ አከራይ ከ500 ብር ጭማሪ ይልቅ ጸጥተኛ ተከራይ ይመርጣል። "ላጤ አናስገባም" ያለ ሰው እንኳ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ሲያይ፣ ሰላምታችሁን ሲሰማ ሲለሳለስ አይቻለሁ። ሁሉም ግን አይለሳለስም፤ አትከራከሩ፣ እለፉ።

የቀበሌ ቤት ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። በ1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ መሃል ከተማ ብዙ እንዲህ ያለ ቤት አለ። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ነዋሪው አንዷን ክፍል በቃል ያከራያል። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ያስጎመጃል። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግን ስማችሁ የትም የለም። በ2017 ካዛንቺስ ሲነሳ ያየነው ነው። የምትገቡ ከሆነ አውቃችሁ ግቡ። አልጋና ሻንጣ ብቻ ይዛችሁ፣ ቁምሳጥን ሳትገዙ።

ደባልነትን አትናቁ። እኛም በዚያው ነው ያለፍነው። ሁለት ልጆች አንድ ደህና ክፍል ሲጋሩ ብቻቸውን ከማይደርሱበት ሰፈር ይገባሉ። ጓደኝነት ግን ውል አይሆንም። አንዱ ቢለቅ ኪራዩን ማን ይሸፍናል? እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት? ወጥ አንድ ላይ ነው ወይስ ለየብቻ? እነዚህን ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ስማችሁም ሁለታችሁም ውሉ ላይ ይስፈር። አንዱ "ባለቤት" ሌላው "ጥገኛ" የሆነበት ደባልነት ዕድሜ የለውም።

ቤቱን ስታዩ ቀለሙን አትዩ። ለኪራይ ሲባል ትናንት የተቀባ ሊሆን ይችላል። አልጋ የሚገባበትን ግድግዳ ከታች በኩል በእጃችሁ ዳስሱት። ቀለሙ ካበጠ ወይም ከተላጠ ክረምት ላይ ልብሳችሁ ይሻግታል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ተከራዮቹን ጠይቁ። ሮቶ አለ? ካለ ለእናንተም ይከፈታል? ኮንዶሚኒየም ከሆነ አራተኛ ፎቅ የሚረክሰው በምክንያት ነው። ሊፍት የለም፣ ውሃውም እዚያ ድረስ ለመውጣት ይሰንፋል። ጉልበት ያላችሁ ልጆች ስለሆናችሁ እኔ ብሆን አራተኛውን እወስዳለሁ። ጄሪካን መሸከም ግን ከኪራዩ ጋር መሆኑን እወቁ።

መብራት ደግሞ የጠብ ሁሉ አባት ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ በነፍስ ወከፍ ነው የሚካፈለው ወይስ በክፍል? ምጣድ ይፈቀዳል? ብዙ ግቢ ካውያ እንኳ ይከለክላል። በር የሚዘጋበትን ሰዓትም ጠይቁ። ሥራችሁ ማታ የሚያስመሽ ከሆነ 3 ሰዓት በር የሚዘጋ ግቢ አይሆናችሁም። በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ቤቱን በቀን አይታችሁ ብቻ ቀብድ አትስጡ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከታክሲ ወርዳችሁ እስከ በሩ ድረስ ተራመዱ። መንገዱ መብራት አለው? ሱቅ ክፍት ነው? ውሻስ? ልባችሁ ከፈራ አትግቡ፣ ዋጋው የፈለገውን ያህል ይርከስ።

ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ አንድ ነገር ልበል። በ1997 እና በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ሲጠብቁ የሸበቱ ወዳጆች አሉኝ። የምትቆጥቡት ካለ ቆጥቡ፣ አታቋርጡ። የዘንድሮውን ቤታችሁን ግን በሚመጣው ዕጣ ተስፋ አትምረጡ።

ሕጉንም እወቁ። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። አከራዩ እንደፈለገ መጨመር አይችልም። ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚከፈለው። ይህን ሁሉ የማያውቅ ወይም እንደማያውቅ የሚሆን አከራይ ግን ብዙ ነው። "የስድስት ወር በአንዴ" ይላችኋል። አዋጁን ደረቱ ላይ አትለጥፉበት፣ ቤቱን ታጣላችሁ። "ውሉ ሲመዘገብ ወረዳ ያስቸግረናል፣ የሁለት ወር እናድርገው" በሉት። በአክብሮት ሲነገረው እሺ የሚል አለ። "ምዝገባ የሚባል አልፈልግም፣ ጥሬ ብር ብቻ" ካለ ግን ነገ "ውጡ" ሲላችሁ የምታሳዩት ወረቀት የለም። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው ሲነገር አንድ ሺህ ብር በአእምሮዬ እጨምርበታለሁ።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት የሚያከራየው ሰው ባለቤቱ መሆኑን አረጋግጡ። የቤቱን የባለቤትነት ካርታ ወይም ውክልና አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። አንዱን ክፍል ለሦስት ሰው አከራይቶ ስልኩን የሚያጠፋ አለ። ብሩን በባለቤቱ ስም ባለ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ላኩና ምክንያቱ ላይ የወሩን ስም ጻፉ፣ "የጥቅምት ኪራይ" ብላችሁ። ውሉ ተመዝግቦ ማህተም ሲያርፍበት ፎቶ አንሱትና አንዱን ቅጂ ለእህት ወይም ለወንድም ላኩ። ስልክ ይጠፋል፣ ታክሲ ውስጥ በተለይ።