ተተኪ መሪ ለምን ይጠፋል? ጥያቄና መልስ ከደሴ

እሑድ ዕለት ስለ ተተኪ መሪዎች ካወራን በኋላ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን በሽማግሌነት ሳገለግል ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወጣቶቹ ኃላፊነት ስንሰጣቸው "ገና ነኝ፣ አልበቃሁም" ይላሉ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብዛኞቹ ሥራውን ጠልተው አይደለም። አይተውት አያውቁም። የሽማግሌዎች ስብሰባ በር ተዘግቶ ይካሄዳል፤ አንድ ቀን ድንገት "ተመርጠሃል" እንላለን። ማን አይደነግጥም? ቀድመህ ይዘኸው ሂድ። ለቅሶ ስትደርስ፣ ታማሚ ስትጠይቅ አብሮህ ይሁን። ጌታም ሰባዎቹን የላከው ሁለት ሁለት አድርጎ ነው (ሉቃስ 10)።

ሲጀምር ደግሞ ተወው፣ ይሥራ። የቤት ለቤት ህብረታችንን ለአንድ ወንድም ሰጥቼው ነበር። ሦስት ሳምንት መራ። እኔ ግን በየመሀሉ እየገባሁ "ማለት የፈለገው እንዲህ ነው" እል ነበር። በአራተኛው ሳምንት መጽሐፍ ቅዱሱን ሳይከፍት ጭኑ ላይ አስቀመጠና "ጋሼ፣ እርስዎ ይቀጥሉ" አለኝ። ቤቱ ጭጭ አለ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን የማርመው ነገር ካለ ለብቻችን ቡና ስንጠጣ እንጂ ሰው ፊት አልናገርም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ሥልጠናው ግን ሁልጊዜ በፈረቃዬ ሰዓት ነው።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሥልጠና ሲባል አዳራሽ፣ ባነርና የሦስት ቀን ሴሚናር ብቻ ይታየናል። ኮምቦልቻ ድሮም የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመርቋል። በፈረቃ የሚኖረውን ሰው መከተል ያለብን እኛ ነን። ሰዓታችሁ የሚገጥም ሁለት ሦስት እህቶች ፈልጊ። ከሥራ ስትወጡ 40 ደቂቃ አንድ ምዕራፍ አጥኑ፤ ዛሬ አንቺ ምሪ፣ በሚቀጥለው ሌላዋ ትምራ። ሥልጠና ማለት ይኸው ነው። አስተማሪ ካጣችሁ፣ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ነው፤ እኔም እመጣለሁ።

ጥያቄ፦ ያሳደግናቸው ሁሉ አዲስ አበባ ይገባሉ። ልፋታችን ከንቱ ቀረ?

መልስ፦ ያማል፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ሰው ላይ አንንጠልጠል፤ ሦስት አራቱን አብረን እናሳድግ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ምዕመኑ ተበታተነ። ያኔ ቁልፉም፣ መዝገቡም፣ የሰዉ ስልክ ቁጥርም በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ምን ያህል እንደሚጎዳ አየን። የሚሄደውን ደግሞ ጸልየን እንሸኘው። የሚሄድበት አጥቢያም የጌታ ነው።

ጥያቄ፦ ነባሮቹ አባቶች ቦታ አይለቁም።

መልስ፦ ብዙዎቹ ሥልጣን ወደው አይመስለኝም። ከለቀቁ በኋላ ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? ዘኍልቁ 8 ላይ ሌዋዊ፣ ማለትም የመገናኛው ድንኳን አገልጋይ፣ ከ25 ዓመቱ ያገለግላል፣ በ50 ዓመቱ ከሥራው ያርፋል፤ ወንድሞቹን ማገዙ ግን ይቀጥላል። የአገልግሎት ዘመኑ በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። ለአባቶችም የምክርና የጸሎት ቦታ ቀድሞ ይዘጋጅላቸው። ቦታ ሳያዘጋጁ "ልቀቁ" ማለት ነውር ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አማኝ ነው፣ ጸጋው ግን ግልጽ ነው። እንሹመው?

መልስ፦ አይቸኮል። 1 ጢሞቴዎስ 3፥6 አዲስ አማኝ አይሾም የሚለው እሱንም ከትዕቢት ለመጠበቅ ነው። ሥራ ስጡት፣ ሹመቱ ይቆይ።

ጥያቄ፦ አገልግሎቱን ጥሎ የጠፋ ወጣት አለን። ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ በሐዋርያት ሥራ ማርቆስ በአገልግሎት ጉዞ ላይ ሳሉ ጳውሎስን ጵንፍልያ በምትባል አገር ትቶት ተመልሷል። በኋላ ጳውሎስ ከጉዞ ባልደረባው ከበርናባስ ጋር የተለያየው በእሱ ምክንያት ነው። ያው ጳውሎስ በመጨረሻ "ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል" ብሎ አስጠርቶታል። ስልኩ ካለህ ዛሬ ማታ ደውልለት። ስለ አገልግሎት አታንሣ። እናቱ እንዴት እንደሆኑ ጠይቀው።