ጥቁር አንበሳ ወይስ ጳውሎስ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ጥሩ ውጤት መጥቶልኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምፈልገው ሕክምና ነው። ጥቁር አንበሳ ልግባ ወይስ ጳውሎስ በሚለው ግን ቤት ውስጥ መስማማት አልቻልንም። አባቴ «ስሙም ታሪኩም ያለው ጥቁር አንበሳ ነው» ይላል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ «የጳውሎስ አስተማማር ይሻላል» ትላለች። ቤታችን አያት ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከአያት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን ደስ አለሽ። አባትሽም የአክስትሽ ልጅም እውነት አላቸው፤ ሆኖም ሁለቱም ያነሱት ነገር ጥሩ ሐኪም ለመሆን ዋናው መለኪያ አይደለም።

ጥቁር አንበሳ የምንለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የአገሪቱን ሐኪሞች ለረጅም ዓመታት ያፈራው እሱ በመሆኑ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚያስተምሩ ብዙ ሲኒየሮችም (ስፔሻሊስት ሐኪሞችም) ከዚያው የወጡ ናቸው። ጳውሎስ ሆስፒታል ቀደም ብሎ የነበረ ቢሆንም ሕክምና ማስተማር የጀመረው በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ነው፤ «ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ» የተባለውም ለዚሁ ነው። ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ተማሪ የሚቀበለው በራሱ የመግቢያ ፈተና ነው። ስለዚህ የዓመቱን ማስታወቂያ ከሁለቱም በኩል በጊዜ ተከታተዪ። የምትገቢው በመንግሥት ድጋፍ ይሁን በክፍያ፣ ወጪ መጋራቱም እንዴት እንደሚታሰብ ከመመዝገብሽ በፊት በጽሑፍ ተረጂ።

የአክስትሽ ልጅ ስለ አስተማማሩ ያለችው መሠረት አለው። ጳውሎስ ገና ሲጀምር የተዋሃደ ሞጁል ይዞ ነው የመጣው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ፓቶሎጂ ለየብቻ ከሚሰጡ ይልቅ «ልብ» የሚል ሞጁል ይከፈትና የልብ አሠራር፣ አካሄድና በሽታ ባንድ ላይ ይሰጣል፤ የተወሰነው ትምህርት በትንንሽ ቡድን በሽተኛ ተኮር ጥያቄ ይዞ ይካሄዳል። ጥቅሙ ክሊኒካል ዓመታት ገብተሽ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እያየሽ መማር ስትጀምሪ ይታያል። ጉዳቱ ደግሞ ታመሽ ወይም ቤተሰብ ላይ ችግር ደርሶ አንድ ሞጁል ካመለጠሽ የዚያ አካል አናቶሚ ጭምር አብሮ ማምለጡ ነው። የቡድን ውይይቱም ቢሆን መምህሩ ካልተዘጋጀ ሁለት ልጆች ሲያወሩ ስምንቱ ቁጭ ብለው የሚያዳምጡበት ሰዓት ሆኖ ያልፋል። ሥርዓተ ትምህርት በየጊዜው ስለሚከለስ የሁለቱንም የአሁኑን ከተማሪዎቹ ጠይቂ፤ የድሮ ተመራቂ የሚነግርሽ የራሱን ዘመን ነው።

በትልልቅ ስሞች አትማረኪ። ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል፤ ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ለበሽተኛው ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን ንቅለ ተከላ አይሠራም፣ የጨረር መጠንም አያሰላም። አንቺ የምትማሪው የበሽተኛ ታሪክ መውሰድ፣ ደረት ማዳመጥ፣ ሆድ መዳሰስ፣ ማዋለድ፣ ቁስል መስፋትና የደከመ ሕፃን ለይቶ ማወቅ ነው።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ አንድ አልጋ ስንት ተማሪ ይከበዋል? የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ስላለ በማይትራል ስቴኖሲስ (የልብ በር መጥበብ) እንየው። ድምፁ ዝቅተኛ ስለሆነ የሚሰማው በሽተኛው በግራ ጎኑ ዞሮ፣ የስቴቶስኮፕሽ ደወል (ጎድጓዳው ጎን) የልብ ጫፍ ላይ በስሱ ተቀምጦ ነው። ደወሉን ከተጫንሽው ድምፁ ይጠፋል። ቦታውን ለማግኘትና ከመተንፈሻው ድምፅ ለመለየት ለጀማሪ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ያስፈልገዋል። ቡድኑ 6 ወይም 7 ከሆነ ሁሉም በሩብ ሰዓት ያዳምጣሉ። 15 ከሆነ በትንሹ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ያን ያህል በጎኑ ማቆየት ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ አራት አምስቱ ያዳምጡና የቀሩት «ሰምቻለሁ» ብለው ያልፋሉ። እነዚህ ልጆች ፈተናውን ከመጽሐፍ ያልፉት ይሆናል፤ ድምፁን ሳይሰሙ ግን ይመረቃሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ካንቺ በፊት ማን ተሰልፏል? ሁለቱም ሆስፒታሎች ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) በብዛት ያሠለጥናሉ። ማዋለጃ ክፍል ገብተሽ አንዲት ምጥ የያዛት እናት ስትመጣ ሬዚደንቱ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የሆነው ኢንተርንና የሚድዋይፍ ተማሪው ሁሉም ሎግ ቡካቸውን (የሠሩት የሚመዘገብበትን ደብተር) ይዘው እየጠበቁ ነው። እዚህ ላይ ተባባሪ ሆስፒታሎች ያድናሉ። የጥቁር አንበሳ ተማሪዎች ለማህፀንና ፅንስ ወደ ጋንዲና ዘውዲቱ፣ ለዓይን ወደ ምኒልክ ይወጣሉ። ጳውሎስ ለድንገተኛና ለአደጋ አቤት ሆስፒታል አለው። ሪፈራል ሆስፒታል ብቻ የተማረ ልጅ አስቸጋሪውን በሽታ ያውቅና ተራውን የሳንባ ምች በራሱ ሳያክም ይመረቃል፤ ጤና ጣቢያ ሲመደብ ግን የሚጠብቀው ተራው ነው። በየትኛው ዓመት ስንት ሳምንት ውጭ እንደሚያስወጧችሁ ጠይቂ።

የምትጠይቂውን ሰው በጥንቃቄ ምረጪ። ፍሬሽማን ስለ ዶርምና ስለ ካፌ ይነግርሻል። ሲ ቱ (ሁለተኛው የክሊኒካል ዓመት) ላይ ያለ ወይም ገና ኢንተርን የሆነ ተማሪ ፈልጊ፤ ከየትምህርት ቤቱ ቢያንስ ሦስት ሰው፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ዋርድ ውስጥ አትግቢ፤ ሕሙማን ለጎብኚ አልተኙም። ላይብረሪ በር ላይ ወይም ካፌ አግኚያቸው። «ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይልሻል። ይልቅ ባለፈው አታችመንት (የዋርድ ምድብ) ቡድናችሁ ስንት ነበር፣ ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) በሳምንት ስንት ቀን በሲኒየር ስንት ቀን በሬዚደንት ተካሄደ፣ አንተ በእጅህ ስንት አዋለድክ፣ የጻፍከውን ታሪክ አንብቦ ያረመልህ ሰው አለ ወይ፣ ኳሊፊኬሽን ፈተና (ኢንተርን ከመሆን በፊት ያለውን) የወደቀ ተማሪ ምን ይደረጋል በያቸው። የመጨረሻው በተለይ ያስፈልግሻል፤ አንዱ ቦታ የወደቀበትን ክፍል ብቻ ሲያስደግም ሌላው ረዘም ያለ ጊዜ ሊያስቆይ ይችላል።

አባትሽን ስለሚያሳስባቸው ስም አንድ ነገር እንጨምር። ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጠው የሙያ ፈቃድ ምዘና አገር አቀፍ ነው። ወደ ስፔሻሊቲ መግቢያውም አገር አቀፍ ፈተና ነው። ከየትም ተመረቂ፣ ወረቀቱ ላይ የሚመጣብሽ ጥያቄ አንድ ነው።

መንገዱንም አስቢ። ከአያት በቀላል ባቡር ሜክሲኮ ወርደሽ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው። ወደ ጉለሌ፣ ጳውሎስ ጋር ለመድረስ ግን ታክሲ መቀያየር አለ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትችይዋለሽ። ክሊኒካል ስትገቢ ግን ራውንዱ በጠዋት ነው፤ የኢንተርን ዲዩቲም (ተረኝነት) ጠዋት ገብተሽ በማግስቱ የምትወጪበት ነው። ከዲዩቲ ወጥቶ ሁለት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ያንኑ ማታ አያነብም። የትኛው ትምህርት ቤት በየትኛው ዓመት ለአዲስ አበባ ልጅ ዶርም እንደሚሰጥ ሳታጣሪ አትወስኚ።

ፍርዳችንን ከፈለግሽ፦ በክሊኒካል ዓመታት ቡድኑ ያነሰበትን ያዢ፤ ልዩነቱ ከሦስት ተማሪ በላይ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ይበልጣል። እኩል ከሆኑ፣ ለአያት ልጅ፣ በብዙ ተባባሪ ሆስፒታል ስለሚያዞርና መንገዱም ስለሚቀል ጥቁር አንበሳን እንመርጥልሻለን። ዶርም ጳውሎስ ብቻ ከሰጠሽ ግን ምክራችን ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ ልጄ ለመንግሥት ሳይደርሰው ቀረ። አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የግል ሕክምና ኮሌጆች ተቀብለውታል። የአንዱ ክፍያ ከሌላው በብዙ ይበልጣል። ውዱ ይሻላል ማለት ነው?
ከገርጂ፣ አንዲት እናት

መልስ፦ እናታችን፣ ከክፍያው በፊት ሁለት ወረቀት ይጠይቁ። አንደኛው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠው ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ለኮሌጁ በጥቅሉ ሳይሆን ለሕክምና ፕሮግራሙና ልጅዎ ለሚማርበት ካምፓስ መሆኑን፣ የሚያበቃበትንም ቀን ይዩ። ሕክምና ረጅም ትምህርት ስለሆነ ፈቃዱ መታደሱ በመሃል ይመጣል፤ ቀደም ሲል በጊዜው አሳድሰው ያውቁ እንደሆነ ይጠይቁ። በባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት በአካል ማረጋገጥም ይቻላል።

ሁለተኛው ከሆስፒታል ጋር የተፈረመው ውል ነው። የራሱ ሆስፒታል ያለው ኮሌጅ ከሆነ አልጋው ስንት እንደሆነና ስንቱ እንደሚያዝ ይጠይቁ፤ በሽተኛ የሌለበት አዲስ ሕንፃ ለተማሪ ምንም አይጠቅምም። በመንግሥት ሆስፒታል የሚያስተምር ከሆነ እዚያው ዋርድ ሌላ ትምህርት ቤት ተማሪ ያስገባ እንደሆነ ይወቁ፤ የልጅዎ ተራ የሚመጣው ከእነሱ በኋላ ሊሆን ይችላል። ክፍያውን በተመለከተ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አያወዳድሩ። በየዓመቱ በስንት መቶኛ ሊጨምር እንደሚችልና ልጅዎ ቢያቋርጥ ምን እንደሚመለስልዎ ውሉ ላይ ተጽፎ ይፈርሙ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጃችን አዲስ አበባ ሕክምና ተምሮ ወደ አሜሪካ መመለስ ይፈልጋል። ከጥቁር አንበሳና ከጳውሎስ የትኛው ይቀለዋል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ትምህርት ቤቱን በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ላይ ይፈልጉና የኢሲኤፍኤምጂን (ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ሰነድ የሚያረጋግጠው የአሜሪካ ድርጅት) ማስታወሻ ያንብቡ፤ የምረቃ ዓመቱን ጨምሮ ለፈተና ብቁ የሚያደርገው እዚያው ይገለጻል። ልጅዎ ስቴፕ ዋንና ስቴፕ ቱ ሲኬ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች ይወስዳል። ስቴፕ ዋን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ውጤቱ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ስለሆነ ከሌላው የሚለየው ስቴፕ ቱ ነው።

ቀጥሎ የትምህርት ቤቱን ሬጅስትራር ይመርምሩ። ኢሲኤፍኤምጂ ዲፕሎማውንና ትራንስክሪፕቱን የሚያረጋግጠው ከትምህርት ቤቱ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ ነው። የዲኑ ቢሮ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በስንት ሳምንት እንደሚመልስ አሜሪካ ያሉ የቅርብ ጊዜ ተመራቂዎችን ይጠይቁ። በትምህርት ጥራት እኩል ከሆኑ፣ ፈጥኖ የሚመልሰውን ይምረጡ።

ብዙ ሰው የሚያደናቅፈው ግን ስም ነው። አሜሪካ ውስጥ የልጁ ሰነዶች ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቶ፣ አዲስ አበባ ሲመዘገብ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በተርታ ይጻፋል። አንዱ ጋ ያለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከሌላው አንድ ፊደል ይለያል። የትውልድ ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሲቀየር በቀናት ይዛነፋል። ከዚያ በኋላ ማስተካከል የፍርድ ቤት ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ልጅዎ ለመመዝገብ ሲሄድ ፓስፖርቱን ይዞ ይሂድ፣ ቅጹ ላይ ስሙ ፊደል በፊደል እንደ ፓስፖርቱ እንዲጻፍ ይጠይቅ፣ የተወለደበትም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር እንዲመዘገብ ያድርግ፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲወጣ ደግሞ ስሙ በትክክል መውጣቱን እዚያው ይመልከት።