«አስፋልት» የሚለውን ቃል በውል ላይ ብቻውን አይጻፉት

ለሰፈራችሁ የውስጥ መንገድ ውል ልትፈርሙ መሆኑን ገልጸው «አስፋልት፣ ሬንጅና መንገድ ማልበስ አንድ ናቸው ወይስ ይለያያሉ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፦ ጥያቄዎ ከፊርማው በፊት በመምጣቱ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ እኛ ይህንኑ የጠየቅነው ገንዘባችን ከወጣ በኋላ ነበርና።

1. አስፋልት የሚለው ቃል በአማርኛችን ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይጠራል። «አስፋልቱን ተሻገር» ስንል መንገዱን፣ «አስፋልቱ በፀሐይ ቀለጠ» ስንል ጥቁሩን ማጣበቂያ ማለትም ሬንጁን፣ «አስፋልት ተነጠፈ» ስንል ደግሞ ጠጠር፣ አሸዋና ሬንጅ በሙቀት ተደባልቆ የሚነጠፈውንና በሮለር የሚዳመጠውን ንጣፍ ማለታችን ነው። ባለሙያዎች ይህን ሦስተኛውን አስፋልት ኮንክሪት ይሉታል፤ ሬንጁ ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን ሌላው ድንጋይ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፤ በጥንቱ የግሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ኖኅ መርከቡን የለቀለቀበት፣ በእኛው ቅጥራን የተባለው ነገር የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ተቋራጫችን «ሬንጅ ራሱ አስፋልት ነው» ብሎ ሲከራከረን በቃሉ ረገድ ልናስተባብለው ያልቻልነውም ስለዚህ ነው።

2. «ማልበስ» ከሚለው ግሥ ይጠንቀቁ። በ2011 ዓ.ም. 38 አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተን ስንዋዋል የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ «180 ሜትር መንገድ አስፋልት ይለብሳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገርም የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ተቋራጩ በቤዝኮርሱ፣ ማለትም ከንጣፉ ሥር በሚደለደለው የጠጠር መሠረት ላይ ሬንጅ ረጨ፣ ጠጠር በተነበት፣ ዳመጠው፤ ከዚያም ሬንጁን ደግሞ ረጭቶ ደቃቁን ጠጠር ከላይ በተነና በሁለት ቀን ጨርሶ ሄደ። ይህ ሰርፌስ ትሪትመንት የሚባለው ሥራ ነው፤ በአግባቡ ከተሠራ የሚናቅ አይደለም፣ በአገራችን ረጃጅም መንገዶች ተሠርተውበታል። ነገር ግን የእኛ መንገድ፣ የእናንተም እንደዚያው መሆኑ አይቀርም፣ የውሃ ቦቴ ቆሞ ጎማውን የሚጠመዝዝበት ጠባብ መታጠፊያ አለው፤ ስስ ልባስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጥምዘዛ አይችልም። ነሐሴ ላይ ከመታጠፊያው አንዱን ጠርዝ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቀ እንጀራ ተላቀቀ። ገልብጬ ሳየው ሥሩ በሙሉ አቧራ ነበር፤ ሬንጁ ሲረጭ መሬቱ አልተጠረገም ማለት ነው።

አቤቱታችንን ይዘን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ሦስት ቀን ካመላለሰን በኋላ ባለሙያው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል «ጥቁር ነው አይደል? እንግዲያው አስፋልት ነው» አለን። አብረውኝ የነበሩት ሁለት አዛውንት ጡረተኞች ነበሩ፤ ተቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

3. ስለዚህ የንጣፉን ዓይነትና ውፍረት በውሉ ላይ አስፍሩ፤ ውፍረቱም ከተዳመጠ በኋላ ያለው መሆኑ ይገለጽ፤ ሳይዳመጥ የተለካ ንጣፍ ሮለር ሲያልፍበት ይቀንሳልና። ከሁለት ዓመት በኋላ መንገዱን እንደገና ስናሠራ እኔው የጻፍኩት ውል «ከተዳመጠ በኋላ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ትኩስ አስፋልት ኮንክሪት፣ በተጠረገና ሬንጅ በተረጨ ቤዝኮርስ ላይ» የሚል ሲሆን፣ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው በተቋራጩ ወጪ ከሦስት ቦታ ናሙና ተቆርጦ ከተለካ በኋላ እንደሆነም ይደነግግ ነበር። ናሙናዎቹን በማስመሪያ የለካኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለቱ 5 ሞሉ፣ ከመታጠፊያው የወጣው ግን 4 ብቻ ሆነ። ተቋራጩ ውሉን አንብቦ ያለ አንዳች ክርክር ያንን ክፍል አንሥቶ እንደገና አነጠፈው፤ ቦቴዎቹም እስከ አሁን እዚያው ላይ ይታጠፋሉ።