አያታችን ጋምቤላ በእንግሊዝ ጊዜ ተወለደ፣ ፓስፖርት ይገባናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ከደብረ ማርቆስ ነኝ። የአባቴ አባት የተወለደው ጋምቤላ ነው፣ በ1918 ዓ.ም. ገደማ። አባቱ የቡሬ ሰው ነው፣ ቡና ሊነግድ ሄዶ እዛው ከረመ። አሁን ሳጥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የሱዳን መንግሥት ማህተም ያለበት ወረቀት አገኘን፣ ስሙና ሥራው ብቻ ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ታዲያ "አያታችን እንግሊዝ መሬት ላይ ስለተወለደ እኛም ብሪቲሽ ነን፣ ሆንግ ኮንጎች እንደዛ አይደል ያገኙት" ብሎ ደላላ አምጥቷል፣ ደላላው ቀብድ ካልሰጣችሁኝ እያለ ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ እህቴ ብራችሁን ያዙ! ጋምቤላ አንድም ቀን የእንግሊዝ መሬት ሆና አታውቅም። አፄ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. የፈረሙት ውል ባሮ ዳር ኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ (ጋምቤላ የቆመው ጣቢያ ይሄ ነው) በኪራይ ይሰጣል ነው የሚለው፣ ተከራዩ ደግሞ ለንደን ሳይሆን የሱዳን መንግሥት ነው፣ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል ተከልክሏል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ብቻ ነው። (ያ ጣናና አባይ ላይ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን ስምምነት ውሃ የሚዘጋ ነገር አይሠራም የሚለው ውልም ይሄው ራሱ ነው፣ እኛ ጎጃሞች የምናውቀው በዛ በኩል ነው።) ሱዳን በ1948 ነፃ ስትወጣ ቦታው ተመለሰልን።

በኪራይ ቤት የተወለደ ልጅ የተከራዩ ነው እንዴ? አያትሽ ሲወለድ የነበረው የ1914 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሕግ ብሪቲሽ የሚያደርገው በንጉሡ ግዛት የተወለደን ሰው ነው፣ ጋምቤላ ይቅርና ሱዳንም የጋራ አስተዳደር ስለነበረች እዛ ውስጥ አትገባም። ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ፣ ቆንስሉ ቺዝማን የኖረበት ግቢ ውስጥ ቢወለድ እንኳ ያው ነበር።

ሆንግ ኮንግ ሌላ ጉዳይ ነው። ደሴቷ በ1842 እ.ኤ.አ. ለዘለቄታው የተሰጠች ናት፣ በ1898 እ.ኤ.አ. ለ99 ዓመት የተከራዩትን ሰፊ መሬት ደግሞ እንግሊዞች ከቅኝ ግዛታቸው ጋር አንድ አድርገው ነው የገዙት፣ ጋምቤላ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተደረገም። ደግሞስ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሆንግ ኮንጎች የተሰጠው ልዩ ፓስፖርት በራሱ እንግሊዝ ገብቶ የመኖር መብት አልነበረውም፣ ይሄን ደላላው አይነግራችሁም።

በሱዳን በኩልስ ካላችሁ፣ የ1957 እ.ኤ.አ. ሕጋቸው ይጠይቅ የነበረው የዘር ግንዱ ከ1897 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሱዳን መኖሩን ነው፣ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ይሄን ከየት ያመጣል።

በእኛ በኩል ግን ነገሩ ቀላል ነው፣ የሐምሌ 15 ቀን 1922 የዜግነት ሕግ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ሰው አገር ውስጥም ይወለድ ውጭ ኢትዮጵያዊ ነው ይል ነበር፣ የ1996ቱ አዋጅም የሚያየው ወላጅን ነው። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ለቤተሰብ ታሪክ ደህና ነገር ነው፣ ዜግነት ግን አያሰጥም። ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኝና ስልክ የተጻጻፋችሁትን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ።