ስለ ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ምርጫና ስለ ኦቨርክሎክ፦ ከአዳማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ላፕቶፕ ለመግዛት የተዘጋጁ የአዳማ ነዋሪዎች ያቀረቧቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው በፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ቺፕ) ምርጫና በኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት) ዙሪያ ስለነበሩ፣ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ዋጋ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ቀርበውልኛል። አንዱ ሰባተኛ ጄነሬሽን ኮር አይ 7፣ ሌላው ስምንተኛ ጄነሬሽን ኮር አይ 5 ነው። ሻጩ አይ 7 ይሻላል ይለኛል። ትክክል ነው?

መልስ፦ አይ 5ቱን ይውሰዱ። በቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ በብዛት የሚገኘው የሰባተኛው ጄነሬሽን አይ 7-7500ዩ ሁለት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ብቻ ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይ 5-8250ዩ ግን በዚያው በ15 ዋት አራት ኮር ይዞ መጥቷል። የጊጋኸርትዝ ቁጥሩም ገዢውን ያሳስታል፤ የፊተኛው መነሻ ፍጥነት 2.7፣ የኋለኛው 1.6 ተብሎ ስለሚጻፍ ብዙ ሰው የሚበልጠውን ትቶ ያነሰውን ይዞ ይሄዳል። መነሻ ፍጥነት ጣሪያ አይደለም፤ ሥራ ሲበዛና ሙቀቱ ሲፈቅድ 8250ዩ በራሱ እስከ 3.4 ይወጣል። በተጨማሪም ዊንዶውስ 11 ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ጄነሬሽን በታች ያሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይደግፍም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የቀረበልዎ አይ 7 በስሙ መጨረሻ ላይ ኤችኪው የሚል ካለበት ግን ባለ አራት ኮር ስለሆነ ንጽጽሩ ይለወጣል። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። አውቶካድና ሶልድወርክስ የተባሉ የንድፍ ፕሮግራሞችን እጠቀማለሁ። በስሙ መጨረሻ ላይ ዩ ወይስ ኤች የሚል ፕሮሰሰር ይሻለኛል?

መልስ፦ በሁለቱም ፕሮግራሞች መንደፍ ራሱ በአመዛኙ በአንድ ኮር ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙ ኮር የሚጠቅመው ሬንደር ሲያደርጉ (ንድፉን ወደ ተጠናቀቀ ምስል ሲቀይሩ) እና ሲሙሌሽን ሲያስኬዱ ነው። እነዚህ የዘወትር ሥራዎ ከሆኑ ኤች ይግዙ። ካልሆኑ ግን ቅርብ ጊዜ የወጣ ዩ ከ16 ጊጋባይት ራም ጋር ይበቃዎታል፤ መብራት ሲጠፋም በ15 ዋት የሚሠራው ዩ በ45 ዋት ከሚሠራው ኤች ይልቅ ባትሪውን ያቆያል። ራሙ በአንድ ካርድ ሳይሆን በሁለት ተከፍሎ እንዲገባ ያስደርጉ፤ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ራሙን ለሥዕልም ስለሚጠቀምበት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ፦ ማክቡክ ብገዛስ?

መልስ፦ ሶልድወርክስ ለማክ አልተሠራም። ለእርስዎ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ አይ 5-1135ጂ7 ያለው ላፕቶፕ አለኝ። አንድ ባለሙያ ገንዘብ ከፍዬ ኦቨርክሎክ እንዳስደርግ ሐሳብ አቀረበልኝ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም፤ ከዚያም በላይ በዚህ ፕሮሰሰር ላይ በትክክለኛ ትርጉሙ ኦቨርክሎክ ማድረግ አይቻልም፣ ምክንያቱም ፍጥነቱን የሚወስነው ማባዣ ቁጥር በፋብሪካ የተቆለፈ ነው። ባለሙያው ሊያደርግልዎ የሚችለው የዊንዶውስን የኃይል አጠቃቀም ወደ ከፍተኛ መቀየር ወይም የዋት ገደቡን (ፕሮሰሰሩ እንዲወስድ የተፈቀደለትን ኃይል) ከፍ ማድረግ ነው። የመጀመሪያውን እርስዎ ራስዎ በደቂቃ ውስጥ በነጻ ያደርጉታል፤ ሁለተኛው የሚጠቅመው ደግሞ ማቀዝቀዣው ትርፍ አቅም ካለው ብቻ ነው፣ በቀጭን ላፕቶፕ ውስጥ ይህ ትርፍ እምብዛም የለም።

ጥያቄ፦ ኦቨርክሎክ እንዲደረግባቸው የተፈቀዱ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ለእነሱ ተጨማሪ ብከፍልስ?

መልስ፦ አሉ። ከኢንቴል በስማቸው መጨረሻ ላይ ኤችኬ፣ ከ12ኛው ጄነሬሽን ወዲህ ደግሞ በአብዛኛው ኤችኤክስ የሚል ያለባቸው ናቸው። ኤችኤክስ የሚሰጣቸው ብዙ ኮሮች ሊፈለጉ ይችላሉ፤ ኦቨርክሎክን ብሎ ተጨማሪ መክፈልን ግን አልመክርም። አንድ ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል በግምት ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ስኩዌር ብዜት ጋር አብሮ ያድጋል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ማሳደግ ካስፈለገ የኃይል ፍላጎቱ በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 45 ዋት የነበረው 60 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት ሆኖ የሚወጣው በዚያችው ጠባብ መተንፈሻ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ የከፈሉበት 10 በመቶም በዚያው ይጠፋል። ትልቅ ማቀዝቀዣ ለሚገጠምለት ዴስክቶፕ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቢሆንም ኢንቴል ራሱ በኦቨርክሎክ ለሚቃጠል ፕሮሰሰር ለብቻው ይሸጠው የነበረውን ዋስትና እ.ኤ.አ. በ2021 አቋርጧል፤ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ወደ አቅማቸው ጫፍ ተጠግተው ስለሚወጡ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ጠዋት ፈጣን ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይዘገያል። ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ይሆን?

መልስ፦ ፕሮሰሰር እንዲህ አያረጅም። የአዳማ የከሰዓት ሙቀት ፋኑ የሚስበውን አየር አስቀድሞ ያሞቀዋል፤ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው የሳሳ ነው፣ ስለሆነም ያው ፋን በዚያው ዙረት የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በበጋው አቧራ የማቀዝቀዣው ክንፎች ከተደፈኑ ደግሞ ፍጥነት መቀነሱ የማይቀር ነው። ለኦቨርክሎክ ያሰቡትን ገንዘብ ፋኑን ለማስጸዳትና የደረቀውን ተርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት) ለማስቀየር ያውሉት፤ ከዚያ የሚተርፍ ካለ፣ ላፕቶፑ አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ያስገቡለት። ፔስቱ ሲቀየር ከፕሮሰሰሩ ጎን የግራፊክስ ቺፕ ካለ የእሱም አብሮ እንዲቀየር ይንገሯቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው እሱ ነው።